ወገብን መታጠቅ
ስለ ፉቱዋና ስለ አኺዮች ወንድማማችነት

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው።



የመስጂዳችን ኮሚቴ ይህችን የመታሰቢያ መጽሔት ለማዘጋጀት በተነሳ ጊዜ ለእኔ የሰጠኝ ድርሻ ስለ ዕድራችን ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ነበር። የዕድሩን አመሠራረት ግን ያኔ በቦታው የነበሩ አባቶች ቢጽፉት ይበልጥ ያምራል ብዬ ለእነርሱ ተውኩት። እኔን ሲያሳስበኝ የቆየ ሌላ ጉዳይ አለ። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የዕድሩ ጸሐፊ ደብተሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ ለመመዝገብ የሚመጡ ወጣቶች የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «መዋጮው ስንት ነው?» ይላሉ። ሁለተኛው «ሰው ሲሞት ዕድሩ ስንት ይሰጣል?» የሚል ነው። ሦስተኛ ጥያቄ የሚጠይቅ እምብዛም አላጋጠመኝም። አልወቅሳቸውም። እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ ስመዘገብ የጠየቅሁት እነዚህኑ ሁለቱን ብቻ ነበር፤ ምን እንዳስከተለብኝም ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ለመሆኑ ሰው ወደ አንድ ማኅበር ሲገባ ምን ውስጥ ነው የሚገባው? ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የነበሩ ሙስሊሞች አጥብቀው አስበውበታል፤ ጽፈውበታል፤ ተከራክረውበታል፤ አልፎ አልፎም ተጋድለውበታል። ከእነርሱ መካከል በባግዳድ «ፉቱዋ»፣ በአናጦሊያ ማለትም በዛሬዋ ቱርክ ደግሞ «አኺ» ተብለው የታወቁት ወንድማማቾች ታሪክ ለእኛ የሚጠቅም ብዙ ነገር አለው። ስለዚህ ከዕድራችን ደብተር ተነስተን ጥቂት ራቅ ብለን እንሄድና እንመለሳለን።

ነገሩን ከመካ እንጀምር። ጊዜው ከነቢይነት በፊት ነው፤ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ዕድሜያቸው ሃያ ዓመት ገደማ ነበር። ዙበይድ ከሚባል የየመን ጎሣ የመጣ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ለአል-ዓስ ኢብን ዋኢል ሸጠለትና ገዢው ዋጋውን ከለከለው። ሰውየው በመካ ዘመድ አልነበረውም፤ በዚያን ዘመን ደግሞ ዘመድ የሌለው ሰው ዳኛም የለውም። ቢቸግረው አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ በደሉን ለቁረይሾች ጮኾ ተናገረ። ከዚህ በኋላ ከቁረይሽ ጎሣዎች የተወሰኑት በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰበሰቡ፤ ምግብ ቀረበላቸው፤ የመካ ሰውም ይሁን እንግዳ፣ የተበደለ ሁሉ መብቱ እስኪመለስለት ድረስ ከጎኑ ሊቆሙም ተማማሉ። የነጋዴውንም ገንዘብ አስመለሱለት። ይህ ቃል ኪዳን «ሒልፉል ፉዱል» ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በስብሰባው ተገኝተው ነበር። ነቢይ ከሆኑ በኋላም በመልካም ያነሱት ነበር፤ በእስልምና ዘመንም ወደ እንዲህ ያለ ኪዳን ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። የዚያ ማኅበር የመጀመሪያ ተጠቃሚ አባል ያልሆነ፣ መዋጮ ያልከፈለ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው እንደነበር ልብ በሉልኝ።

ሁለተኛው መሠረት የመዲናው ወንድማማችነት ነው። እ.ኤ.አ. በ622 ሂጅራ ከተደረገ በኋላ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ንብረታቸውን ጥለው የመጡትን ሙሃጂሮች ከመዲና አንሷሮች ጋር ሁለት ሁለት እያደረጉ አወዳጇቸው። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ለተሰጣቸው ወንድም ለዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን ግማሽ አቀረቡላቸው። ዐብዱረሕማን አመስግነው ዱዓ አደረጉላቸውና የጠየቁት ገበያው በየት በኩል እንደሆነ ብቻ ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ አንዱን ወገን ብቻ ማድነቅ አይሆንልኝም። አንዱ ሳይሰስት ሰጠ፤ ሌላው ሳይስገበገብ ተወ። ወንድማማችነት የሚቆመው ሁለቱም ሲኖሩ ነው።

መጀመሪያ ላይ እነዚህ ወንድማማቾች እርስ በርስ ይወራረሱ ነበር። ኋላ ግን የውርስ መብት ለሥጋ ዘመድ እንደሆነ በቁርኣን ተወሰነና ያ ቀረ። ትልቅ ትምህርት ነው፤ ማኅበር የቱንም ያህል ቢከበር የእናትን፣ የልጅን፣ የሚስትን ሐቅ አይወስድም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጃሂሊያ እንደነበረው ዓይነት የመሐላ ወገንተኝነት በእስልምና ቦታ እንደሌለውም አስተምረዋል። ኡለማዎች ይህንን ከሒልፉል ፉዱል ጋር ሲያስታርቁት፣ ሰዎች ለእውነትና ለተበደለ ለመቆም የሚገቡት ኪዳን የጸና ነው፤ «ወገኔ ስለሆነ ቢበድልም አብሬው ነኝ» የሚለው ግን የፈረሰ ነው ብለዋል። ከዚህ በታች የምናየው ታሪክ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲወዛወዝ የኖረ ነው።

ወደ ፉቱዋ እንምጣ። «ፈታ» በዐረብኛ ወጣት ማለት ነው። ቁርኣን ኢብራሂምን (ዐ.ሰ) ጣዖቶቹን የሰባበሩ ጊዜ በዚህ ቃል ይጠራቸዋል፤ የዋሻው ባልደረቦችም በዚሁ ቃል ተጠርተዋል። «ፉቱዋ» ከዚህ የወጣ ነው። በእኛ ቋንቋ «ጎበዝ» የሚለው ቃል በጣም ይቀርበዋል፤ ጎበዝ ወጣትም ነው፣ ደፋርም ነው፤ ጎበዝ በተሰበሰበበትም የጎበዝ አለቃ አለ። የኒሻፑሩ ሱለሚ (በ412 ዓ.ሂ.፣ እ.ኤ.አ. በ1021 የሞቱት) በዚህ ርእስ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል፤ ቁሸይሪም (የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1072 ነው) በታዋቂው «ሪሳላ» አንድ ምዕራፍ ሰጥተውታል። ለእነዚህ ኡለማዎች ፉቱዋ የልብ ጉዳይ ነበር፤ ሌላውን ከራስ ማስቀደም፣ የወንድምን ነውር መሸፈን፣ ሰጥቶ አለመመጻደቅ።

በባግዳድ ጎዳና ላይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። መንግሥት በደከመባቸው ዘመናት «ዐያሩን» የሚባሉ የሰፈር ጎበዞች ተነስተው ነበር። ሰፈራቸውን ይጠብቃሉ፤ ለደካማ ይቆማሉ፤ እርስ በርስ አይካካዱም። ነገር ግን ከነጋዴው ላይ በግድ ገንዘብ ያስከፍላሉ፤ ከሌላ ሰፈር ጋር ይጋደላሉ፤ በብጥብጥ ጊዜም ይዘርፋሉ። እነርሱም ራሳቸውን የፉቱዋ ሰዎች ይሉ ነበር። አንድ ቃል ለሁለት ሥራ ዋለ።

ይህንን ነገር በአንድ እጅ ለመያዝ የሞከረው ከሊፋው አን-ናሲር ሊዲኒላህ ነው። ሥልጣን ላይ የቆየው ከ1180 እስከ 1225 (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ ከዐባሲያ ከሊፋዎች መካከል የእርሱን ያህል የቆየ የለም። በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ በ578 ዓ.ሂ.፣ ሸኽ ዐብዱልጀባር ከተባሉ የፉቱዋ አለቃ እጅ የማኅበሩን ሱሪ ለበሰ። አዎን፣ ሱሪ! የዚያ ማኅበር የአባልነት ምልክት ሱሪ ነበር። በ604 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. በ1207) ደግሞ የፉቱዋ ሁሉ አለቃ እርሱ ራሱ መሆኑን በዐዋጅ አስታወቀ፤ ለየአገሩ ሱልጣኖችም ሱሪውንና የማኅበሩን ጽዋ ላከላቸው። ከላከላቸው መካከል የሶላሑዲን ወንድም አል-መሊክ አል-ዓዲል ይገኝበታል። ታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል አሢር ይህን ሁሉ አልወደደለትም፤ ከሊፋው በሱሪና በእርግብ ጨዋታ ተጠምዷል ብሎ ነቅፎታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን ደርሰናል። ሰው ወደዚህ ማኅበር የሚገባው እንዴት ነበር? የባግዳዱ ኢብኑል ሚዕማር የተባሉ የሐንበሊ መዝሀብ ዓሊም በዚያው ዘመን ሥርዓቱን በኪታብ ጽፈውታል። ለመግባት የሚፈልገው ሰው አስቀድሞ ከነባሮቹ መካከል አንድ ታላቅ ወንድም ይመርጣል፤ ታላቁ «ከቢር» ገቢው «ሰጊር» ይባላል። ያለ ታላቅ ወንድም መግባት የለም። ጀመዓው ይሰበሰባል፤ «ነቂብ» የሚባለው የሥርዓቱ መሪ ይቆምና የገቢውን ወገብ በመታጠቂያ ያስታጥቀዋል። ከዚያ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ በጽዋ ይሰጠዋል፤ ይጠጣል። ሱሪው ወዲያው አይሰጥም። የታጠቀው ሰው ጠባዩ ታይቶ፣ ጊዜ ተወስዶ፣ ሲበቃ ብቻ ሱሪውን ይለብስና «ፍጹም» አባል ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ እንግዲህ የፈተና ጊዜ ነው።

ለእነዚህ ነገሮች ትርጉም ነበራቸው። ሱሪው ኀፍረተ ሥጋን ከዝሙት ለመጠበቅ፣ መታጠቂያው ለአገልግሎት ለመነሳት ነው። እኛም እኮ ሥራ የከበደበትን ሰው «ወገብህን ታጥቀህ ተነስ» እንለዋለን። ጨው ደግሞ ምግብን ከመበላሸት ይጠብቃል፤ አንድ ጨው የቀመሱ ሰዎችም አይካካዱም። በአማርኛ ጨውና ጨዋ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን በከቢርና በሰጊር መካከል ያለው ትስስር ነው። ታላቁ ለታናሹ ጥፋት ይጠየቃል፤ ታናሹ ለታላቁ ይታዘዛል። እንዲህ ያለ ትስስር ሲጠብቅ ጥሩ ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ አደገኛ ነው። ወንድምህ ሰው ቢገድልስ? ትደብቀዋለህን? በባግዳድ የሆነው ይኸው ነበር፤ የማኅበሩ ሰዎች ተጋጭተው ደም ፈሰሰ። የከሊፋው የ604 ዓ.ሂ. ዐዋጅ የወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ነፍስ ያጠፋ አባል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከማኅበሩ የወጣ ነው፤ ለቂሷስ ይሰጣል፤ የሸሸገው ወንድምም እንደ እርሱ ከማኅበሩ ይወጣል አለ። ስለዚያ ከሊፋ ብዙ የሚነቀፍ ነገር ቢኖርም ይህ ውሳኔው የጃሂሊያውን ወገንተኝነት ከሥሩ የሚቆርጥ ነበር።

ሞንጎሎች እ.ኤ.አ. በ1258 ባግዳድን ሲያወድሙ ይህ የቤተ መንግሥት ፉቱዋ አብሮ ተናጋ። ዘሩ ግን ቀድሞ ሌላ ቦታ ወድቆ ነበር። የከሊፋው አማካሪ የነበሩት ሸኽ ዑመር ሱህረወርዲ እ.ኤ.አ. በ1221 ወደ ቆንያ፣ ወደ ሰልጁቁ ሱልጣን ዐላኡዲን ከይቁባድ ተልከው ነበር። በአናጦሊያ ከተሞች ይህ ወንድማማችነት ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ጫማ ሰፊው፣ ወደ ቆዳ ፋቂው፣ ወደ ኮርቻ ሠሪው ሱቅ ገባ። አለቆቹ «አኺ» ተባሉ፤ በዐረብኛ «ወንድሜ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ታላቁን ተጓዥ ኢብን በጡጣን እንከተለው። ይህ ሰው ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ወደ አናጦሊያ ከመሄዱ በፊት የኢፋት ሙስሊሞች ወደብ የነበረችውን ዘይላዕን አይቷታል። የዓሣውና የግመሉ ደም ሽታ ቢከብደው ከተማው ውስጥ አላድርም ብሎ መርከብ ላይ ያደረ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ቀባጣ ሰው (አላህ ይዘንለትና) እ.ኤ.አ. በ1330ዎቹ መጀመሪያ አንጣልያ ከተማ ገባ። በሁለተኛው ቀን አንድ ያረጀ ልብስ የለበሰ፣ የሱፍ ቆብ የደፋ ሰው አጠገቡ ላሉት ሸኽ በቱርክኛ አንድ ነገር ተናገረ። ሸኹ፣ ይህ ሰው አንተንና ጓደኞችህን እራት እየጋበዘ ነው አሉት። ኢብን በጡጣ እሺ አለ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን፣ ይህ ድሃ ነው፤ ልናስቸግረው አንፈልግም፤ አለ። ሸኹ ሳቁ። ለካ ያ ሰው ጫማ ሰፊ ነው፤ ሁለት መቶ ያህል የእጅ ባለሙያዎችም አለቃችን ብለው የመረጡት አኺ ነው። እነዚህ ሰዎች ዛዊያ ሠርተዋል፤ ቀን የሠሩትን ማታ እዚያ ያወጡታል።

ማታ ከመግሪብ በኋላ ጫማ ሰፊው ራሱ መጥቶ ወሰዳቸው። ዛዊያው በሚያማምሩ ምንጣፎች የተነጠፈ፣ ከዒራቅ በመጡ የመስተዋት መብራቶች የደመቀ ነበር። ወጣቶቹ በሰልፍ ቆመዋል፤ ካባ ለብሰዋል፤ በየወገባቸው ሁለት ክንድ የሚያህል ቢላዋ ታጥቀዋል። ምግቡ፣ ፍራፍሬው፣ ጣፋጩ ቀረበ፤ ከዚያም እንደ ልማዳቸው ዜማና ጭፈራ ሆነ። ኢብን በጡጣ ሥርዓታቸውን ሲገልጽ፣ አባላቱ ሁሉ ከዐስር ሶላት በኋላ የቀን ገቢያቸውን ለአለቃቸው ያስረክባሉ፤ በዚያ ምግብ ይገዛል፤ መንገደኛ ከመጣ ተቀብለው ያስተናግዱታል፤ ካልመጣ አብረው በልተው ጧት ወደየሥራቸው ይሄዳሉ ይላል። በመንገደኛ አቀባበልና ግፈኛን በመቋቋም እንደ እነርሱ ያለ በዓለም አላየሁም ብሎም መስክሮላቸዋል።

ላዚቅ በምትባለው ከተማ (የዛሬዋ ደኒዝሊ) የገጠመው ደግሞ የሚያስቅም የሚያስፈራም ነው። ገበያው መሐል ሲያልፉ ሰዎች ከሱቃቸው ሮጠው ወጡና የፈረሶቻቸውን ልጓም ያዙ። ሌሎች መጡና ከእነዚያ ጋር ተጣሉ፤ ቢላዋም ተማዘዙ። ኢብን በጡጣና ጓደኞቹ ቋንቋውን አያውቁም፤ የመንገድ ቀማኞች እጅ ገባን ብለው ነፍሳቸው ወጣች። በኋላ ዐረብኛ የሚችል አንድ ሐጂ መጥቶ ገለጠላቸው። የመጀመሪያዎቹ የአኺ ሲናን ሰዎች ናቸው፤ ሁለተኞቹ የአኺ ቱማን፤ ጠቡ እንግዳው የእኛ ነው፣ የለም የእኛ ነው በሚል ነው! ዕጣ ተጣለና ለአኺ ሲናን ወጣ። አኺ ሲናን እንግዶቹን ወደ ሐማም ወሰዳቸውና ኢብን በጡጣን በገዛ እጁ አገለገለው። በኋላም የአኺ ቱማን ወገኖች በተራቸው አስተናገዷቸው። ለደግ ሥራ ቢላዋ መማዘዝ ምን ይባላል? የዐያሩን ደም ገና ሙሉ በሙሉ አልጠራም ነበር።

ከአኺዮች መመሪያዎች ሁሉ በአፍ በሰፊው የሚነገረው የስድስቱ ነው። ሦስት ነገሮች ክፍት ይሁኑ፤ እጅ ለመስጠት፣ በር ለእንግዳ፣ ማዕድ ለተራበ። ሦስት ነገሮች ዝግ ይሁኑ፤ ዓይን ከሰው ነውር፣ ምላስ ከክፉ ቃል፣ ወገብ ከዝሙት። ለመመዝገብ የሚመጣ ሰው ይህን ቢሰማ መዋጮው ስንት እንደሆነ መጠየቁን ሳይረሳው አይቀርም።

ታሪካቸውን ሳደንቅ ግን የከነከነኝን ነገር መደበቅ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1290 ናሲሪ የተባለ ሰው በአናጦሊያ በፋርስኛ የጻፈው የፉቱዋ መመሪያ፣ ወደ ማኅበሩ ሊገቡ የማይችሉትን ይዘረዝራል። ካፊር፣ ሙናፊቅ፣ ጠጪ፣ ኮከብ ቆጣሪ ይላል፤ ይሁን። ገበያ ሲወደድ ለመሸጥ እህል የሚያከማች ይላል፤ ደግ አደረገ፤ ይህስ በእኛም ቢጻፍ ባልከፋ። ደላላ ውሸት ይለምዳል፣ ሥጋ አራጅ ልቡ ይደነድናል ተብለው እነርሱም ቀርተዋል። እዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን ሸማኔ አለ።

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እየወረወረ አምስት ልጅ ያሳደገ ሰው ነው። በአገራችን ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» ተብሎ ሲሰደብ አድጌያለሁ። አያቶቻችን ወደዚህ ሙያ የገቡትም እንዲያው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር በአፄ ዮሐንስ አንደኛ ዘመን በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር። ርስት የማይፈቀድለት ሰው በሸማና በንግድ ሊኖር ግድ ነው። ታዲያ ያ በሩቅ አገር ያለ፣ በአንድ ቂብላ የሚሰግድ የወንድማማቾች መመሪያ ሸማኔን በር ላይ ሲመልስ ባነብ ልቤ አዘነ። የሚገርመው የአናጦሊያ የእጅ ባለሙያዎች ሁሉ እንደ አባት የሚያዩት የኪርሸሂሩ አኺ ኤቭራን ቆዳ ፋቂ መሆናቸው ነው። ፋቂ! በእኛ ዘንድ ሌላው ስድብ። ቆዳ ፋቂውን አባት ያደረገ ወንድማማችነት ሸማኔውን ሊያወጣ የቻለው፣ መመሪያውን ሰው ስለጻፈው ነው። ሰው የጻፈው መመሪያ ሁሉ፣ የዕድራችንም መተዳደሪያ ደንብ ሳይቀር፣ በቁርኣንና በሱና ሚዛን ይመዘናል።

በዚህ ሚዛን ፉቱዋን የመዘኑ ዓሊምም ነበሩ። ኢብን ተይሚያ (እ.ኤ.አ. በ1328 የሞቱት) ስለዚሁ ማኅበር ተጠይቀው ሲመልሱ፣ ሱሪ ማልበስና የጨው ውሃ ማጠጣት ከነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሆነ ከሶሐቦች መሠረት የለውም፤ ወደ ዐሊይ (ረ.ዐ) ይደርሳል የሚሉት ሰንሰለትም የጸና አይደለም ብለዋል። ማኅበርተኞቹ እርስ በርስ የሚገቡት መልካም ነገር ሁሉ መጀመሪያውኑ በሙስሊም ላይ ለሙስሊም የተጣለ ግዴታ ነው፤ በበደል መረዳዳቱ ደግሞ መጀመሪያውኑ ሐራም ነው፤ እንግዲህ ሥርዓቱ የጨመረው ምንድን ነው? የክርክራቸው ፍሬ ይህ ነው። እኔም በጨው ውሃው ላይ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ነገር ግን አንድ ነገር ማለት እወዳለሁ። እነዚያ ሰዎች ቢያንስ ገቢውን አቁመው ምን እየገባ እንደሆነ ይነግሩት ነበር። ታላቅ ወንድም ይሰጡት ነበር። እኛ ዘንድ ያለው ሥርዓት ደረሰኝ መቁረጥ ብቻ ሆኗል።

ቀሪውን ታሪክ ባጭሩ ልጨርሰው። በዑሥማንያ መንግሥት ሥር አኺነት ቀስ በቀስ ወደ ሙያ ማኅበርነት ተለወጠ። ደቀ መዝሙሩ ሙያውን ጨርሶ ጌታ ሲሆን ወገቡን ይታጠቅ ነበር፤ ይህ የድሮው ፉቱዋ ቅሪት ነው። ለየማኅበሩም የጋራ ሣጥን ነበረው። አባላቱ ያዋጣሉ፤ ሣጥኑ ለታመመ ይሰጣል፣ ለከሠረ ያበድራል፣ ደሃ ሲሞት ከፈንና ቀብሩን ይችላል። እነዚህ ማኅበራት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በመንግሥት ሕግ ቀሩ። ስለ ሴቶችም ዓሺቅ ፓሻዛዴ የተባለው የአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ «የሩም እህቶች» የሚባሉ እንደነበሩ ያነሳል። ዝርዝሩን አልጻፈም፤ የወንድ ታሪክ ጸሐፊ ልማድ ነው። የእኛ መጽሔት ደግሞ በለቅሶ ቤት ሦስት ቀን እሳት ዳር የሚቆሙትን እናቶቻችንን እንዳትዘነጋ ኮሚቴውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የአኺዎች ሣጥን ሲገለጽ የራሳችሁን ዕድር ሳታስቡ እንዳልቀራችሁ አምናለሁ። ዕድር ከአኺዎች የመጣ ነው አልልም፤ አይደለምም። በአገራችን ከተሞች በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚታቀፍበት የራሳችን ነገር ነው። ሐረሮችም አፎቻ የሚሉት አላቸው። ነገር ግን በሩ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ነው። አባል ስትሆኑ ገንዘብ ሰጥታችሁ አገልግሎት ትገዛላችሁን? ወይስ ወገባችሁን ትታጠቃላችሁ?

አሁን ቃሌን ልፈጽም። በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በመድረሳ በምቀራበት ጊዜ፣ በሰፈሬ ዕድር ተመዘገብኩ። መመዝገቢያውን ከፈልኩ፤ የየወሩንም ሳላቋርጥ እከፍል ነበር። ክረምት ነበር። አንድ ሌሊት ከሱብሒ አዛን በፊት በሬ ተንኳኳ። «ጀናዛ አለ፤ ቀብር ቆፋሪ ጎድሎናል፤» አለ ድምፁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። «እሺ እመጣለሁ!» ብዬ ከብርድ ልብሱ ሥር ጮኽኩ። ከዚያም ተኛሁ።

የሞቱት ሰው በመንገድ ዳር ለውዝ የሚሸጡ፣ ልጅም ዘመድም የሌላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከዙህር በኋላ ስጠይቅ ቀብሩን በዚያ ጭቃ የቆፈሩት አምስት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ሰማሁ፤ አንደኛው ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የዕድሩ ሰብሳቢ ነበሩ። ደንቡን አውቃለሁ፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል። የቅጣቱን ብር ይዤ እቤታቸው ሄድኩ። ካልሲያቸውን አውልቀው እግራቸውን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው አገኘኋቸው።

«አባባ፣ የቅጣቴን ይዤ መጥቻለሁ፤» አልኳቸው።

ብሩን አዩት፤ አልተቀበሉኝም። «ልጄ፣ ቅጣት እኮ ለሌለ ሰው ነው፤ የታመመ፣ አገር የሄደ፣ ያልሰማ። አንተ ነበርክ። ያንኳኳሁት እኔ ነኝ፤ ድምፅህን ሰምቼዋለሁ፤» አሉኝ። ከዚያም ደብተሩን ከመስኮቱ ላይ አውርጄ የሟቹን ስም እንድፈልግ አዘዙኝ። አገኘሁት። በስማቸው አንጻር ቀብር የተገኙበት ምልክት ገጹን ሞልቶ ወደሚቀጥለው ገጽ አልፎ ነበር። የቀሩበት አንድም የለም። የወር መዋጮውን ግን በየዓመቱ ሁለት ሦስት ወር ይጎድሉ ነበር፤ ከጎኑም በሰብሳቢው እጅ «ተምሯል» የሚል ተጽፏል።

ብሬን ይዤ ተመለስኩ። በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ለጁሙዓ አጥቢያ፣ እንደገና በሌሊት ተንኳኳ። የጫማዬን ክር ያሰርኩት መንገድ ላይ ነው።